ከደጀ ሰላም ወደ ጉባኤ ቤት፦ አካል ጉዳተኞች በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ)

ከሁሉ አስቀድሜ ንግግሬን በምልክት ቋንቋ ለሚተረጉሙት ባለሙያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የዛሬው ርእስ ያለ እርሳቸው ቢነገር ኖሮ ራሱን በራሱ ያፈርስ ነበር።

ርእሱን ለምን እንደ መረጥሁ በአጭሩ ልናገር። ታላቅ እኅቴ በሰባት ዓመቷ በማጅራት ገትር ታማ መስማት ተሳናት። ወላጆቻችን ከቤተ ክርስቲያን አላስቀሯትም፤ ሰው ሲቆም ትቆማለች፣ ሰው ሲሰግድ ትሰግዳለች። ንስሐ የምትገባበት ዕድሜ ሲደርስ የነፍስ አባታችን፣ ደግ ሰው ነበሩ፣ እናቴን ጠርተው «ስለ እርሷ አንቺ ንገሪኝ» አሏት። እናቴም የልጇን ኃጢአት ገምታ ተናገረች። እኅቴ ከጎናቸው ቆማ የሁለቱን ከንፈር ትመለከት ነበር። ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ምን ብላ ልትናዘዝ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን የማነሣው ካህኑን ለመውቀስ አይደለም። በታሪክ ተመራማሪነት ዘመኔ ሁሉ ሲከተለኝ የኖረ አንድ ጥያቄ ስላለው ነው፦ በደግ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ መዘጋት እንዴት ሊኖር ቻለ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንዱ ወገን ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ የችግረኞች እናት ነበረች ይላል። ሌላው አካል ጉዳተኞችን በደጇ አስቀምጣ ለማኝ አድርጋ አኖረቻቸው ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ቤተ ክርስቲያንን እንደ አንድ ቦታ ይመለከታሉ። እኔ ቦታዎቹን ለያይቼ እንድታዩ እጋብዛችኋለሁ፤ ደጁን፣ ሥዕሉን፣ ጉባኤ ቤቱንና ሕጉን።

ከደጁ እንጀምር። በበዓል ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከሁሉ አስቀድሞ የምናገኘው በቅጥሩ ዙሪያ የተቀመጡትን ነዳያን ነው። ከመካከላቸው ዐይነ ስውሩ፣ እግሩ የማይታዘዝለት፣ በሥጋ ደዌ ጣቶቹን ያጣው ጥቂት አይደለም። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ሰው የሰጠው የአክብሮት ስም «የኔ ቢጤ» ነው፤ እኔን የሚመስል ማለት ነው። ቃሉ እኩያነትን ይመሰክራል፤ የመቀመጫው ቦታ ግን ልዩነትን። በዚህ ደጅ የተመሠረተው ግንኙነት ግልጽ ነበር፤ ተቀባዩ እንጀራ ያገኛል፣ ሰጪው ጽድቅ። ዝክሩና ተዝካሩ፣ የጽዋ ማኅበሩ ሁሉ ይህን ሥርዓት አጽንተውታል። የጡረታ ሕግና የመንግሥት ድጎማ በሌለበት ዘመን ብዙዎችን ያኖረ ሥርዓት ስለ ሆነ ማቃለል አይገባም።

ነገር ግን ደጁ የሚያወራው ስለ ሰጪው ነው። የበላዔ ሰብን ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ ነፍስ ያጠፋው ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው በደዌ ለተመታ ድኻ ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ያችም ጥርኝ በሚዛን ላይ ኃጢአቱን ሁሉ መዘነችለት። የካቲት 16 ቀን በየዓመቱ የሚታወሰው የበላዔ ሰብ መዳን ነው። ውኃውን የጠጣው ሰው ግን ከጠጣ በኋላ ወዴት ሄደ? ስሙስ ማን ነበር? ታሪኩ አይከተለውም። የሌላው መዳን ምክንያት ከሆነ በኋላ ከመድረኩ ይወርዳል። በብዙ የምጽዋት ትረካዎቻችን ውስጥ የአካል ጉዳተኛው ዕጣ ይኸው ነው።

ከደጁ አልፈን ወደ ውስጥ ስንገባ ግን ሌላ ምስል ይጠብቀናል። በግድግዳው ላይ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመዋል፤ በጸሎት ብዛት የተቆረጠችው እግር ከጎናቸው ትታያለች። ሠዓሊው ጉዳቱን አልሸሸገውም፤ ጻድቁ የሚታወቁበት ምልክት አድርጎታል። ከዚህም የሚያስደንቀው የቅዱስ ገብረ ክርስቶስ ገድል ነው። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ ከሠርጉ ሌሊት ጀምሮ ዓለምን ንቆ ወጣ፤ መልኩ እንዲለወጥ ለመነ፤ በመጨረሻም በደዌ ተመትቶ፣ ማንም ሳያውቀው፣ በገዛ አባቱ ደጅ ወድቆ ኖረ። የቤቱ አገልጋዮች እጣቢ ይደፉበት ነበር። ማንነቱ የታወቀው በሞተ ጊዜ በእጁ ከተገኘው ጽሑፍ ነው። በሥጋ ደዌ የተጠቁ ወገኖቻችን ይህን ቅዱስ የራሳቸው አድርገው ስለ ስሙ ሲለምኑ ኖረዋል። ትርጉሙን ልብ በሉ፤ በደጅ የወደቀው ሰው የቤቱ ወራሽ ነበር። ደጁን ራሱን የሚነቅፍ ትረካ በእጃችን ነበረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለቱ ቅዱሳን መከራውን በፈቃዳቸው የተቀበሉ ናቸው። ሳይመርጥ ጉዳት የደረሰበት ተራ ሰው፣ ጻድቅም ኃጥእም ሳይባል፣ እንደ ማንኛውም ምእመን ለመኖር ከሥዕሉ ብቻ ቦታ አያገኝም። ሰው ሆኖ ለመታየት ቅዱስ መሆን ሊጠበቅበት አይገባም።

ሦስተኛው ቦታ ጉባኤ ቤቱ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ ዲዲሞስ የሚባል መምህር ነበር። በአራት ዓመቱ ገደማ ዐይኑን አጣ። የታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን እንደሚነግረን በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ማንበብ ተማረ፤ ይህም ሉዊ ብሬል ለዐይነ ስውራን ሥርዓተ ጽሕፈት ከማዘጋጀቱ ከአንድ ሺሕ አራት መቶ ዓመታት በላይ አስቀድሞ ነው። ዲዲሞስን በእስክንድርያ የትምህርት ጉባኤ ላይ መምህር አድርጎ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ነበር ይነገራል፤ ለእኛ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከው ያው አትናቴዎስ ነው። ሄሮኒሞስን የመሰሉ ታላላቅ ሊቃውንት ከዲዲሞስ እግር ሥር ተቀምጠው ተምረዋል።

የአገራችንም ጉባኤ ቤት ለዐይነ ስውራን ሰፊ በር ነበረው። ምክንያቱ በርኅራኄ ብቻ አይገለጽም፤ በማስተማሪያ ዘዴው ውስጥ ይገኛል። ብራና ውድ ነበር፤ ዳዊቱ፣ ዜማው፣ ቅኔው፣ ትርጓሜው በቃል ይጠና ነበር። ተማሪው ከየኔታ አፍ ይቀበላል፣ በሌሊት በጨለማ ይቀጽላል፣ በቃሉ ይመልሳል። እንዲህ ባለ ትምህርት ውስጥ ዐይናማውና ዐይነ ስውሩ የሚለዩበት ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ዐይነ ስውራን የቅኔና የመጻሕፍት መምህራን ሆነው ወንበር ዘርግተዋል፤ በደጅ ተቀምጦ ይለምን የነበረው በጉባኤ ቤት «የኔታ» ተብሎ ተማሪ እጅ ይነሣለት ነበር። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው ቦታው ነው።

ነገር ግን ለአንዱ በር የሆነው ለሌላው ግድግዳ ሆነ። በጆሮ ተቀብሎ በአንደበት የሚመልስ ትምህርት ለዐይነ ስውሩ የተመቸውን ያህል መስማት ለተሳነው የተዘጋ ነበር። ቋንቋችን ይህን ታሪክ በአንድ ቃል ጠብቆታል። «ደንቆሮ» ማለት ጆሮው የማይሰማ ማለት ነው፤ በስድብነት የምንሰማው ግን «አላዋቂ» በሚለው ፍች ነው፤ «ድንቁርና»ም የዕውቀት ማጣት ስም ሆኗል። ዕውቀት በጆሮ በኩል ብቻ በሚገባበት ማኅበረሰብ የማይሰማ ሁሉ የማያውቅ ተደርጎ መቆጠሩ አያስገርምም። ስለ እኅቴ ያነሣሁት ጥያቄ መልሱን በከፊል እዚህ ያገኛል። ካህኑ ክፉ አልነበሩም። በወረሱት ዘዴ ውስጥ ለእርሷ የሚሆን ቋንቋ አልነበረም።

አሁን ወደ ሕጉ እንሂድ። በኦሪት ዘሌዋውያን ነውር ያለበት የአሮን ዘር መሥዋዕት ለማቅረብ እንዳይቀርብ ተደንግጓል፤ ከተቀደሰው ኅብስት መብላት ግን አልተከለከለም። በሐዲስ ኪዳን ዘመን የተጻፉትና በሲኖዶስ መጽሐፋችን ውስጥ የገቡት የሐዋርያት ቀኖናት ነገሩን በሌላ መንገድ ይይዙታል። አንድ ዐይኑ የጠፋ ወይም እግሩ የሚያነክስ ሰው ለጵጵስና የተገባ ከሆነ ይሾም ይላሉ፤ ሰውን የሚያረክሰው የነፍስ እድፍ እንጂ የሥጋ ጉድለት አይደለምና። ቀጥሎ ያለው ቀኖና ፈጽሞ የማያይና ፈጽሞ የማይሰማ ሰው ጳጳስ እንዳይሆን ይከለክላል። የክልከላው ምክንያት ግን በግልጽ ተቀምጧል፤ ርኩስ ስለ ሆነ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንዳይሰናከል ነው።

ይህን ምክንያት በጥሞና ተመልከቱት። ሕጉ ነውሩን ከሰውየው ላይ አንሥቶ በአገልግሎቱ አፈጻጸም ላይ አኖረው። ክልከላው የተመሠረተው በመሰናክል ላይ ነው፤ መሰናክል ደግሞ ታሪክ አለው፤ ይሠራል፣ ይፈርሳልም። ደብዳቤ ማንበብ የማይችል ጳጳስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሀገረ ስብከቱን ማስተዳደር ይቸገር ነበር፤ ዛሬ ብሬልም፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ኮምፒውተርም አለ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የቀኖና ሊቅ አይደለሁም፤ ማን ይሾም የሚለው የሊቃውንት ጉባኤ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ከመቅደሱ ደጃፍ ይልቅ ወደ ቅጥሩ በር የሚቀርቡትን ነገሮች፣ የንስሐን፣ የስብከትን፣ የሰንበት ትምህርት ቤትን፣ የደረጃውን ጉዳይ በዚህ ሕግ ሚዛን መመዘን ይቻላል። በእነዚህ ሁሉ ሰውየውን የሚከለክል ቀኖና የለም፤ ያለው መሰናክል ብቻ ነው።

መሰናክሉ ሊነሣ እንደሚችል ያለፈው መቶ ዓመት አሳይቶናል። በአዲስ አበባ መካኒሳ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በሆሳዕና ተመሳሳይ ትምህርት ቤት አላት። ከሰበታው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የወጡ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሕግና የትምህርት ባለሙያዎች ሆነዋል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ዐውቀው ሲገኙ «ድንቁርና» የሚለው ቃል ያቆየልን ግምት ስሕተት እንደ ነበረ ተገለጠ። የጎደለው ቋንቋ ነበር፤ ቋንቋውም በእጅ የሚነገር ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃም አስተሳሰቡ ተለውጧል። ቤተ ክርስቲያናችን ከምሥረታው ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 ናይሮቢ ባደረገው ጠቅላላ ጉባኤ አካል ጉዳተኞች የሌሉበት የእግዚአብሔር ቤተሰብ ሙሉ አለመሆኑን አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከተካሄደው የሐራሬ ጉባኤ ጋር ተያይዞ የአካል ጉዳተኞች ተሟጋቾች ኅብረት ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ምክር ቤቱ ስለ ጉዳዩ ባወጣው ሰነድ ዝግጅት አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ተካፈሉ። በ28 ዓመታት ውስጥ ስለ እነርሱ ከመናገር ከእነርሱ ጋር ወደ መናገር መሸጋገር ትንሽ ነገር አይደለም። በአገራችንም የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 እና የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጥተዋል፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ሆኖም ብዙዎቹ አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም በረጅም ደረጃ ላይ እየተሠሩ መሆናቸውን ዐይናችን ያያል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ምእመን ከደረጃው ሥር ይቀራል፤ ሳንፈልግ አዲስ ደጅ ሠራንለት።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህ ሁሉ የምዕራባውያን አስተሳሰብ ነው ይሉኛል። መልሴ ያለፈው ሩብ ሰዓት ነው። የእንጨት ፊደል የዳሰሰው መምህር የእናት ቤተ ክርስቲያናችን የእስክንድርያ ልጅ ነበር። በአባቱ ደጅ የወደቀው ወራሽ በገድላችን ውስጥ አለ። ዐይነ ስውሩ የኔታ በጉባኤ ቤታችን ወንበር ላይ ተቀምጧል። ምክንያቱን የሚናገረው ቀኖና በመጽሐፋችን ተጽፏል። ከውጭ የምንበደረው መሣሪያ ይኖራል፤ መሠረቱ ግን ከእኛው ነው።

ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቼ ልጨርስ። የዐይነ ስውራን የቅኔና የመጻሕፍት መምህራን ታሪክ በአብዛኛው በደቀ መዛሙርታቸው ትዝታ ውስጥ ነው ያለው፤ ደቀ መዛሙርቱም እያረጁ ነው። መቅረጫችሁን ይዛችሁ ወደ ጎጃም፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ወሎ ሂዱ። በሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ዙሪያ የተመሠረቱ መንደሮች ሽማግሎችን ጠይቁ። መስማት የተሳናቸውን አረጋውያን ለመጠየቅ ግን አስቀድማችሁ ቋንቋቸውን ተማሩ። እናታቸውን ወይም ወንድማቸውን ስለ እነርሱ አትጠይቁ፤ እነርሱን ራሳቸውን ጠይቁ።