የአራሚ ቃል አያያዝ፤ ከድሬዳዋ ማተሚያ ቤት እስከ ኮምፒዩተር ኮድ

ሚስዮናዊው ባቴማን ያዘጋጁት የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ በቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ታተመ። የእርሳስ ፊደል በእጅ እየተለቀመ በሚደረደርበት ዘመን እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማረም ቀላል ሥራ አልነበረም። የላቲኑ ፊደል 26 ሲሆን፣ የእኛ 33 ፊደላት ግን በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር 231 ይሆናሉ። የፊደል ለቃሚው እጅ አንድ ሣጥን የሳተ እንደ ሆነ «ሸማ» የነበረው «ሻማ» ሆኖ ይወጣል።

በኅትመት ሙያ የታወቀው መድኃኒት የሙከራ ገጽ ማተም ነው። አራሚው ከስሕተቱ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ በዚያው መስመር አንጻር፣ በኅዳጉ ላይ እርማቱን ይጽፋል። መሣሪያው እርሳስና ወረቀት ብቻ ነው፤ ቃሉም ከስሕተቱ አጠገብ ስለሚቀመጥ ለቃሚው ፍለጋ አይደክምም። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ስሕተቱን በቢላዋ ፍቀው፣ የተዘለለውን ቃል ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ ያስገቡ ነበር። በሁለቱም ዘንድ የእርማቱ ቦታ በግልጽ ይታያል፤ ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አልተጻፈም። ለሆሄ ግድፈት ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ለኮምፒዩተር ኮድ ግን ይጎዳል፤ አንድ መስመር ለምን እንደ ተለወጠ ያላወቀ ተረካቢ ተማሪ «ይህ ትርፍ ነው» ብሎ መልሶ ያጠፋዋልና።

የአይ ቢ ኤም ባልደረባ የነበረው ማይክል ፌጋን በ1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የግምገማ ሥርዓት፣ በስብሰባው የተገኘው ጉድለት ሁሉ ዓይነቱና ክብደቱ ተለይቶ እንዲመዘገብ አድርጓል። መፍትሔውን መፈለግ በስብሰባው ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የኮዱ ጸሐፊ ሥራ ነው። ብልህ አከፋፈል ይመስለኛል፤ ክርክሩ ሰዓቱን አይበላውም።

ለእኛ ግን ልዩ ፕሮግራም መግዛት አያሻንም፤ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይበቃል። በየመስመሩ የኮዱ ፋይል ስም፣ የመስመሩ ቁጥር፣ የአራሚው ስምና ቃሉ ይጻፋል። እዚህ ላይ ከወረቀቱ የሚለይ አንድ ችግር አለ። የታተመ ገጽ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ የኮድ መስመር ግን ይንቀሳቀሳል። ከበላዩ ሦስት መስመሮች የተጨመሩ እንደ ሆነ 40ኛው መስመር 43ኛ ይሆናል፤ የአራሚውም ቃል በባዕድ መስመር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር መስመሩን ራሱን መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ቢስት ቃሉን በፍለጋ ማግኘት ይቻላልና።

የኮዱ ጸሐፊ መልሱን እዚያው ከሥር ያስገባል፤ «ታርሟል» ወይም «አልታረመም»። ሁለተኛውን ከመረጠ ምክንያቱን ይጨምር፤ ለተረካቢው ከሁሉ የሚጠቅመው ይኸው ነው። ፋይሉም ከኮዱ ጋር በአንድ ማኅደር ይቀመጣል። አራሚዎቹ ብዙ ከሆኑና ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጽፉ ከሆነ የአንዱ ጽሑፍ የሌላውን ሊደመስስ ስለሚችል፣ የሁሉን ቃል ሰብስቦ የሚያስገባ አንድ መዝጋቢ ይመረጣል።