ሳትዘጋ የቀረችው ቫልቭ

አንዲት ቫልቭ አልዘጋ ስትል የኒውክሌር ማመንጫ ላይ ምን ታደርሳለች? አንድ እውነተኛ ታሪክ እንንገራችሁ።

መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ስሪ ማይል አይላንድ። የሪአክተሩ ግፊት ሲጨምር ማስተንፈሻ ቫልቯ ተከፈተች፤ መዘጋት ሲገባት ግን እንደተከፈተች ቀረች። መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው መብራት የሚያሳየው «ዝጊ» የሚለው ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ መዘጋቷን አልነበረም። ሠራተኞቹ ተዘግታለች ብለው አመኑ፤ ውሃው የሞላ መስሏቸው የድንገተኛውን ማቀዝቀዣም ቀነሱ። ቫልቯ ከ2 ሰዓት በላይ ውሃ ስታፈስ ቆየች። ከሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

የሚያሳዝነው፣ ከ18 ወር በፊት ኦሃዮ ባለው ዴቪስ-ቤሲ ማመንጫም ቫልቭ እንዲሁ ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር። ትምህርቱ ግን በጊዜ አልደረሳቸውም።

ጉድለት ሲገኝ «ተጠገነ ወይ?» ብቻ አይበቃም። «ሌሎቹስ ሰምተዋል ወይ?» እንበል።