የርግቦቹ ፊልም

ለብዙ ዓመት ስሙን የማላውቀው አንድ ፊልም ነበረኝ። በ2000 ዓ.ም.፣ ያ ሁሉ «ሚሊኒየም» የተባለለት ዓመት፣ ነፋስ መውጫ ቪዲዮ ቤት ያየሁት የካርቱን ፊልም ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የሰፈራችን ልጆች በሙሉ «የርግቦቹ» እንለው ነበር፤ ሌላ ስም አልነበረውም። የማስታውሰው ይኼን ነው፦ ቁመቱ ያጠረ አንድ ርግብ፣ ጦርነት፣ ካባ የደረበ ክፉ ጭልፊት፣ እና አንድ ደብዳቤ። ደብዳቤውን የጻፈው አንድ ወታደር ነው፣ ለእናቱ። ትንሹ ርግብ በጥይት መሀል አልፎ ያደርስላታል። መጨረሻው ላይ ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ሲያለቅስ አይቻለሁ። እኔም አልቅሻለሁ፤ ጨለማ ስለነበር ማንም አላየኝም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢንተርኔት እንደ ልብ ሳገኝ መጀመሪያ ከፈለግኳቸው ነገሮች አንዱ ይኼ ፊልም ነበር። ተገኘ። ስሙ «ቫሊያንት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ፣ ለንደን ውስጥ የተሠራ፣ ሙሉ በሙሉ የኮምፒውተር አኒሜሽን የሆነ የ76 ደቂቃ ፊልም ነው። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ርግቦቹ አሉ። ጭልፊቱ አለ፣ ካባውም አለ። ደብዳቤው ግን የለም። ለእናቱ የሚጽፍ ወታደርም የለም።

ደብዳቤው ከየት መጣ? ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ዓለም እንዲህ ዓይነት ፊልሞችን እንዴት ሠርቶ እንዴት እንደረሳቸው ላውራ።

*

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ፒክሳር «ቶይ ስቶሪ»ን አወጣ፤ ከዳር እስከ ዳር በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ተባለ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሥራ ለመናገር ቀላል ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፉትን 24 ምስሎች አንድ በአንድ ያሰላል፤ ብርሃኑ ከየት መጣ፣ ጥላው የት ወደቀ፣ ላባው በነፋስ ወዴት ዞረ። 76 ደቂቃ ማለት ከ109 ሺህ በላይ ምስል ማለት ነው።

«ቶይ ስቶሪ» ሲሳካ ሁሉም ተነሳ። ብራዚላውያን በ486 ኮምፒውተሮች እየታገሉ እ.ኤ.አ. በ1996 «ካሲዮፔያ»ን አወጡ። «ቶይ ስቶሪ» አንዳንድ ገጸ ባሕርያቱን መጀመሪያ በሸክላ ቀርጾ ነው ወደ ኮምፒውተር ያስገባው፤ እኛ ግን ሁሉንም እዚያው ሠራን፣ ስለዚህ አንደኞቹ እኛ ነን የሚል ክርክርም ተነሳ። ዛሬ «ካሲዮፔያ»ን ያየ ሰው እስቲ ፈልጉ። በ2001 ጃፓኖች «ፋይናል ፋንታሲ»ን ይዘው መጡ። የዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጠጉር ብቻ 60 ሺህ ዘለላ ነበረው። ወጪው ወደ 137 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ ገቢው አልሸፈነውም፤ ሃዋይ ላይ የተቋቋመው ስቱዲዮም ተዘጋ። በ2008 አትላንታ ውስጥ የተሠራው «ዴልጎ» አሜሪካ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሲኒማ ቤቶች ተከፍቶ 700 ሺህ ዶላር እንኳን ሳይሞላ ወረደ። በ2011 «ማርስ ኒድስ ማምስ» 150 ሚሊዮን ዶላር በልቶ 40 ሚሊዮን ያህል እንኳ መመለስ አቃተው።

እነዚህ ግን ቢያንስ ውድቀታቸው ራሱ ዝና ሆኖላቸዋል። ስለ ኪሳራ በተወራ ቁጥር ስማቸው ይነሳል። በእውነት የሚረሳው መሀለኛው ነው፤ ያልተወደሰው፣ ያልተሰደበው፣ አንድ ሰሞን ታይቶ ያለፈው። «ቫሊያንት» እንደዚያ ነው። ላይ «ሽሬክ» እና «ኒሞ» አሉ፣ ታች «ዴልጎ» አለ፤ መሀል ላይ ያሉትን ማን ይቆጥራል?

በዚያ ላይ የኮምፒውተር ፊልም ቶሎ ያረጃል። በእጅ የተሳለው የ1937ቱ «ስኖው ዋይት» ዛሬም ያው ሥዕል ነው። የ2005 የኮምፒውተር ላባ ግን ዛሬ ላባ አይመስልም፤ ፕላስቲክ ይመስላል። ትላልቆቹም ቢሆኑ ከመጥፋት የተረፉት በዕድል ነው። «ቶይ ስቶሪ 2» ገና እየተሠራ ሳለ አንድ ሰው በስህተት የሰጠው ትእዛዝ አብዛኛውን ፋይል አጥፍቶት ነበር። የመጠባበቂያ ቅጂውም አልሠራ አለ። ፊልሙን ያተረፈችው በቅርቡ ወልዳ ቤቷ ሆና ትሠራ የነበረች አንዲት ባልደረባ ናት፤ ቅጂው ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ተገኘ።

ማለትም በዚያ ሁሉ ሀብት መሀል እንኳ ፊልም የሚተርፈው አንድ ሰው ቤቱ ስላስቀመጠው ነው። እኛ ጋ ደግሞ ማን አስቀመጠ?

*

እኛ ጋ ፊልም የሚመጣው በቻይና መንገድ ነው። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ ከጉና ሥር፣ በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ጋሸናና ወልድያ የሚሄደውን መንገድ ቻይናዎች ስለሠሩት እስከ ዛሬ የሚጠራው በነሱ ነው። ሲዲውም የቻይና ነበር። አንዱ ሲዲ ላይ ስምንት ፊልም ይታጨቃል፤ ሽፋኑ ላይ የስምንቱም ፎቶ ተደርድሯል፤ ግማሹ ውስጡ ካለው ጋር አይገናኝም። ስሙን ያላወቅነው ለዚህ ነው። ማን መረጠው? ማንም። የመጣው መጣ።

በዚያው ሰሞን ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በኢቲቪ ይታይ ነበር። ፀሐይ አሻንጉሊት ቀጭኔ ናት፣ በአማርኛ ታወራናለች፤ ልጆች ይወዷታል። ርግቦቹ ግን የሚያወሩት እንግሊዝኛ ነው፤ ከመሀላችን አንድም የሚሰማው የለም። ስለዚህ ተርጓሚ ያስፈልጋል።

ቪዲዮ ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ ጭቃ፣ መስኮቷ በጆንያ የተጋረደ፣ አግዳሚዎቹ ከባሕር ዛፍ የተመቱ። ውጭ ስሟን ያወጣላት ነፋስ ይነፍሳል፤ ውስጥ የምንሞቀው በትንፋሻችን ነው። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምንላቸው። የቀድሞው ጦር ወታደር ነበሩ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አርጩሜ ይዘው ይቆሙና ይተረጉማሉ፦ «አሁን ሻለቃው ይጠራዋል። ‹አንተ ቁመትህ አይበቃም፣ ወደ አገርህ ተመለስ› ይለዋል። እሱ ግን፣ እምቢ! ይኼው፣ እዩት ዓይኑን!» ጭልፊቱ ሲመጣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጭልፊት ለኛ ባዕድ አይደለም፤ ጫጩት ሲወስድ ጮኸን ያላባረርን ልጆች የለንም። ቤት ገብቼ ለአያቴ ስነግራት ብዙም አልገረማት። «ርግብማ ታደርሳለች» አለች፣ «የኖኅም ጊዜ ሄዶ የቀረው ቁራው ነው።» የቁራ መልእክተኛ የሚባለው ከምን እንደመጣ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ፊልሙ የተነሳበት ታሪክ እውነተኛ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች መልእክት የሚልኩት በርግብም ነበር፤ እግሯ ላይ በታሰረች ትንሽ ቀፎ ውስጥ። በጦርነት ለዋሉ እንስሳት እ.ኤ.አ. በ1943 የተጀመረውን የዲኪን ሜዳሊያ 32 ርግቦች ተሸልመውታል።

*

ፊልሙን እኔ ብቻ ያየሁት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ዶርም ውስጥ ስተርከው፣ የመካነ ኢየሱሱ ልጅ፣ እስቴ ያደገው፣ ከአልጋው ቀና አለ። «በመጨረሻ ተፈቱ እንዴ?» አለኝ። ለካ እነሱ ጋ ሲታይ ግማሹ ላይ መብራት ሄዷል። ርግቦቹ በጭልፊቶቹ እጅ እንዳሉ ልጆቹ ወደየቤታቸው ተበተኑ፤ ሲዲው በሌላ ቀን ሲደገምም አልደረሰበትም። አሥር ዓመት ሙሉ በሱ ሐሳብ እዚያው ታስረው ነበር።

ስሜን ያስጠራው ደግሞ የአክስቴ ልጅ ነው። ሲማዳ፣ ወገዳ ነው ያደገው። «አውቀዋለሁ፣ የግብር ፊልም ነው!» አለ። ወገዳ ላይ በጄኔሬተር የሚያሳየው ጎረምሳ ቀልደኛ ነበር። ጭልፊቱን ግብር ሰብሳቢ፣ ርግቦቹን ደረሰኝ የጠፋባቸው ገበሬዎች አድርጎ ሲተረጉመው ሕዝቡ እንባው እስኪመጣ ስቋል። ልጅ ብቻ አይደለም፣ ከገበያ የተመለሰ ትልቅ ሰውም ቆሞ አይቷል። የአክስቴ ልጅ የኔን ደብዳቤ ሲሰማ አላመነኝም። እኔም ግብሩን አላመንኩትም። ፊልሙን አውጥተን አብረን አየነው፤ ሁለታችንም ተሸነፍን።

እንግዲህ ለንደን ውስጥ አንድ ፊልም ተሠራ። ጋይንት ላይ የደብዳቤ፣ ሲማዳ ላይ የግብር፣ እስቴ ላይ ደግሞ የማያልቅ እስር ሆነ። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ኬፕታውን ውስጥ «ዛምቤዚያ» የተባለ የወፎች አኒሜሽን ተሠርቷል። አፍሪካ ውስጥ፣ በአፍሪካ ወፎች፣ ያውም ዋናው ገጸ ባሕርይ ጭልፊት ነው። ስለ መኖሩ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የለንደኑ ነፋስ መውጫ ደረሰ፤ የኬፕታውኑ አልደረሰንም። ከዚያ በኋላ «ይኼ ፊልም ተረስቷል» የሚል ነገር ባነበብኩ ቁጥር «በማን?» እላለሁ። መርሳት ምርጫ ላለው ሰው ነው። በዓመት የምታየው ካርቱን አሥር ካልሞላ አንዱንም አትረሳም።

የኛ መርሳት ሌላ ነው። ፊልሙ የሆነ ቦታ ይገኛል፤ ትርጉሙ ግን የትም የለም። ማንም አልቀዳውም። ቪዲዮ ቤቶቹ ስልክና ሚሞሪ ሲመጣ አንድ በአንድ ተዘጉ፣ ታሪካቸውን የጻፈም የለም። ዛሬ «ነፋስ መውጫ» ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ በአብዛኛው የነሐሴ 2013 ወሬ ነው፤ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ የመጣበት፣ ለቀናት የተያዘችበት፣ ሴቶች ላይ የተፈጸመው ግፍ። ያ መጻፍ ነበረበት፣ መረሳትም የለበትም። ግን በዚያች ከተማ ጆንያ የተጋረደበት ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ትንፋሹን ውጦ አንዲት ርግብን ሲጠብቅም ነበር። ይኼም ሆኗል። ካልጻፍነው ግን ያልሆነ ያህል ነው።

*

በዕረፍት ወደ አገር ቤት ስገባ ጋሼን ፈልጌ ሄድኩ። ቪዲዮ ቤቷ ጸጉር ቤት ሆናለች። እሳቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቦታ ገብስና ድንች ያለማሉ። ሸምግለዋል። ቡና ተፈላ።

«ጋሼ፣ የርግቦቹን ፊልም ያስታውሱታል?»

«የትኛው ርግብ?»

ተረኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስንቱን አሳየሁ ልጄ። አላስታውሰውም።»

እዚያ ድረስ ሄጄ፣ ፊልሙን የረሱት እሳቸው ሆኑ። ቅር አለኝና «ደብዳቤው እኮ ፊልሙ ውስጥ የለም» አልኳቸው።

ሳቁ። «እንግሊዝኛ እኔ የት አውቄ! ምስሉን እያየሁ የመጣልኝን ነው የምነግራችሁ የነበረ።»

ስኒያቸውን አስቀመጡና ዝም አሉ። ቆይተው፣ ናቅፋ ግንባር ሳሉ አንድ ጓደኛቸው ለእናቱ የጻፈውን ደብዳቤ እንደሰጣቸው ነገሩኝ። እሳቸው ለፈቃድ ሊወጡ ነበር። ፈቃዱ ቀረ፣ ጓደኛውም ሞተ፣ ጦሩም ተበተነ። «የሴትዮዋን አገር በኋላ ፈልጌ አላገኘሁትም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅሁም።

ልሄድ ስል ሲዲዎቹ የት እንደገቡ ጠየቅኋቸው። በእጃቸው ወደ ማሳው አመለከቱኝ። ገብሱ ሊደርስ ነው። ዙሪያውን በተተከሉት እንጨቶች ላይ ሲዲዎቹ በሲባጎ ተንጠልጥለዋል። ነፋሱ ያሽከረክራቸዋል፣ ፀሐዩ ያብለጨልጫቸዋል፣ ወፍ አያስደርሱም።

«ጥሩ ይሠራሉ» አሉኝ። «በተለይ ለርግብ።»