ከደምበል ብዙም የማይርቁት ጥቁር ጎፈር አንበሶች

በአዲስ አበባ ደምበል ሲቲ ሴንተር አካባቢ የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸውን የዱር እንስሳት ለማሳየት ከከተማ መውጣት አይጠበቅባቸውም። በመስቀል አደባባይ አልፎ የዳግማዊ ምኒልክን ጎዳና ይዞ ሽቅብ ለሚጓዝ አንድነት ፓርክ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። መንገዱ ዳገት ስለሆነ ከሕፃናት ጋር ሲሄዱ በታክሲ፣ ሲመለሱ በእግር መጓዝ ይመረጣል። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽም በዚሁ ጎዳና ላይ ይገኛል።

በመስከረም 2012 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ፣ ለረጅም ዘመን ለሕዝብ ዝግ በነበረው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። ታሪካዊው የግብር አዳራሽ ለጎብኚዎች ክፍት ተደርጓል። ልጆች አስቀድመው የሚጠይቁት ግን ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች ነው።

የመዲናዋ የአንበሶች ታሪክ በይበልጥ የሚታወቀው ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በስድስት ኪሎ ባቋቋሙት አንበሳ ግቢ ነው። የግቢው አንበሶች አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ በድምሩ ከሰባት አንበሶች የተገኙ መሆናቸው ተመዝግቧል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት በስድስት ኪሎ የሚገኙ 15 አንበሶችን የዘረመል ናሙና መርምሮ፣ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች በዘር የተለዩ ሆነው አግኝቷቸዋል። የመነሻ ዘራቸው ጥቂት በመሆኑም ተመራማሪዎቹ ዝርያው እንዳይጠፋ የተለየ የእርባታ መርሐ ግብር እንዲዘጋጅለት አሳስበዋል።