ሰው ሠራሽ የዘር ፍሬ

ሰው ሠራሽ የዘር ፍሬ (ሰው ሠራሽ ቆለጥ) የዘር ፍሬ ለሌለው ወይም ላጣ ወንድ በቀዶ ጥገና በከረጢቱ ውስጥ የሚቀመጥ፣ በቅርጽና በመጠን የተፈጥሮውን የሚመስል ተተኪ ነው። የሚተካው መልክን ብቻ ነው፤ ዘርም ሆነ ሆርሞን አያመነጭም። የዘር ፍሬ በካንሰር፣ በአደጋ ወይም ከልደት ጀምሮ ወደ ከረጢቱ ባለመውረዱ ምክንያት ሊጎድል ይችላል። በወጣቶች ዘንድ ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ግን የዘር ፍሬ መጠምዘዝ ነው።

የዘር ፍሬ መጠምዘዝ

የዘር ፍሬ ደም የሚያገኘው ከሆድ በኩል በሚወርድ ገመድ መሰል አካል ነው። ገመዱ የደም ሥሮችን፣ ነርቮችንና የዘር ቱቦን ይይዛል። በአንዳንድ ወንዶች የዘር ፍሬው ከዙሪያው ጋር በሚገባ ስላልተያያዘ እንደ ደወል ምላስ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። እንዲህ ያለ የዘር ፍሬ ሲዞር ገመዱ ይጠመዘዛል፤ በመጀመሪያ ደም መልሱ፣ ቀጥሎም ደም ቅዳው ይታፈናል።

ሕመሙ በማንኛውም ዕድሜ ሊከሰት ቢችልም በብዛት የሚታየው ከ12 እስከ 18 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ያለ ምንም ምት፣ በእንቅልፍ ላይም ሳይቀር ሊጀምር ይችላል። ዋና ምልክቶቹ በአንድ በኩል በድንገት የሚነሳ ከባድ ሕመም፣ እብጠት፣ የዘር ፍሬው ወደ ላይ መሳብ፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ናቸው። አንዳንድ ልጅ የሚናገረው ስለ ሆድ ሕመም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ የዘር ፍሬውንም መመርመር ይኖርበታል።

በ6 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ጥገና ከተደረገ አብዛኛውን ጊዜ የዘር ፍሬውን ማትረፍ ይቻላል። ከ12 ሰዓት በኋላ ዕድሉ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ደግሞ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንደ ኢትዮጵያ ባሉ፣ ለብዙ ሰው ሆስፒታል ሩቅ በሆነባቸው አገሮች፣ እነዚህ ሰዓታት በመንገድ ላይ ሊያልቁ ይችላሉ። ልጁ አፍሮ ሕመሙን ከደበቀ ወይም ቤተሰቡ እስኪነጋ ከጠበቀ ደግሞ ጊዜው ይበልጥ ያጥራል።

ሐኪሙ በቀዶ ጥገናው ገመዱን ይፈታና የደም ዝውውሩ መመለሱን ያያል። የዘር ፍሬው ካገገመ በስፌት ይያዛል፤ ከሞተ ይወጣል። ተመሳሳይ ችግር በሌላውም በኩል ሊኖር ስለሚችል ጤናማው የዘር ፍሬ አብሮ ይሰፋል።

አንድ የዘር ፍሬ የቀረለት ሰው

የቀረው የዘር ፍሬ ጤናማ ከሆነ ለጉርምስና፣ ለወሲብ ስሜትና ልጅ ለመውለድ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። በመሆኑም ሰው ሠራሹ ለጤና ግዴታ አይደለም። ብዙዎች ያለ እሱ ይኖራሉ። ሌሎች ግን ልብስ ሲቀይሩ፣ ሲታጠቡ ወይም ከፍቅር ጓደኛቸው ጋር ሲሆኑ ስለ መልካቸው ይጨነቃሉ፤ ቀዶ ጥገናውን የሚፈልጉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀዶ ጥገናው

የዘር ፍሬው በመጠምዘዝ ምክንያት ሲወጣ ተተኪውን ወዲያው ማስቀመጥ አይመከርም። ያበጠና የተቆጣ ሥጋ ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ስለሆነ ቁስሉ በደንብ እስኪድን ወራት ይጠበቃል። በልጅነት የተቀመጠ ትንሽ ተተኪ ከሰውነት ጋር ስለማያድግ ብዙ ሐኪሞች ጉርምስናው እስኪያበቃ መጠበቅን ይመርጣሉ።

ታካሚው ሰመመን ይሰጠዋል፤ ኢንፌክሽን ለመከላከልም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይወስዳል። ሐኪሙ በብሽሽት ወይም በከረጢቱ የላይኛው ክፍል በኩል ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ለተተኪው ቦታ ያዘጋጃል። መጠኑ ከሌላኛው የዘር ፍሬ ጋር እንዲመጣጠን ይመረጣል። ተተኪው ወደ ላይ እንዳይሸሽ ከታች በስፌት ሊያያዝ ይችላል። ታካሚው ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ለጥቂት ሳምንታት ግን ከባድ ዕቃ ከማንሳት፣ ከስፖርትና ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ይቆጠባል።

ታሪክ

የመጀመሪያዎቹ ተተኪዎች በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ቪታሊየም ከተባለ የብረት ቅይጥ ተሠሩ። ከዚያም ልዩ ልዩ ቁሶች ተሞክረው በ1970ዎቹ ሲሊኮን ተስፋፋ። በ1992 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሲሊኮን ጄል በተሞሉ ሰው ሠራሽ ጡቶች ላይ ገደብ ጣለ፤ በዚያው አሥርት ዓመት ጄል ያለበት ሰው ሠራሽ የዘር ፍሬም ከአገሪቱ ገበያ ወጣ። በ2002 በጨው ውሃ የሚሞላ፣ ሽፋኑ የሲሊኮን የሆነ ዓይነት በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። በአውሮፓ ሙሉ በሙሉ ከሲሊኮን የተሠራም ይሠራበታል።

ጉዳቶችና ክትትል

ሊደርሱ ከሚችሉ ችግሮች መካከል ኢንፌክሽን፣ የደም መቋጠር፣ የማያቋርጥ ሕመም፣ የተተኪው ከቦታው መንሸራተትና ቆዳ ቀዶ መውጣት ይገኙበታል። ኢንፌክሽን ከጸና ተተኪው ይወጣል። በጨው ውሃ የተሞላው ቢያፈስ ውሃው በሰውነት ውስጥ ያለ ጉዳት ይመጠጣል፤ ተተኪው ግን መቀየር ያስፈልገዋል። አብዛኞቹ ታካሚዎች በውጤቱ ይረካሉ። ቅሬታ ሲኖር የሚነሳው በአብዛኛው ተተኪው ከተፈጥሮው ስለሚጠነክር፣ ስለሚያንስ ወይም ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የቀረው የዘር ፍሬ ነው። ምት ባለባቸው ስፖርቶች መከላከያ ማድረግ ይመከራል። የተሰፋ የዘር ፍሬ የሚጠመዘዘው ከስንት አንዴ ቢሆንም በድንገት ከታመመ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ተተኪውን ለማስቀመጥ ዓመታት መጠበቅ ይቻላል፤ ለመጠምዘዝ ግን ያለው ጊዜ ሰዓታት ብቻ ነው።