ጉልቻውና ካሜራው

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ አበው። እውነት ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ሲናጋ ወጡ ምን እንደሚሆን አልነገሩንም። ምናልባት ምድጃ ዳር ያደገ ሁሉ ስለሚያውቀው ይሆናል። እኔ ይህን የተማርኩት ግን ምድጃ ዳር ሳይሆን በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ፣ ካሜራዬን በሦስት ቀጫጭን እግሮች ላይ አቁሜ ነው።

እናቴ ተወልዳ ያደገችው ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ ሊፈርስ መሆኑ የተሰማ ሰሞን «እባክህ ቤታችንን ፎቶ አንሣልኝ፤ በሩ በደንብ እንዲታይ አድርገህ» አለችኝ። እኔም ትእዛዙን በቅጡ ልፈጽም ብዬ አመሻሽ ላይ ሄድኩ። ሰማዩ ሳይጠቁር በየመስኮቱ አምፖል የሚበራባት ያቺ አጭር ጊዜ ለፎቶግራፍ የተመረጠች ናት። በዚያ ብርሃን ደግሞ ካሜራን በእጅ ይዞ ማንሣት አይሆንም፤ መቆሚያ ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ አንሺዎች ትራይፖድ የሚሉት ባለሦስት እግር መቆሚያ ነበረኝ። ከአንድ ኪሎ አይበልጥም፤ ታጥፎ ከቦርሳ ይገባል፤ በቅለቱም እኮራበት ነበር። እግሮቹን እስከ መጨረሻቸው ዘረጋሁ። አልበቃ ሲለኝ መካከለኛውን ዘንግ ወደ ላይ ሳብኩት። ነፋስ ነበር። እያንዳንዳቸው አንድ ሴኮንድ ያህል የሚፈጁ ዐሥራ አራት ፎቶግራፎች አነሣሁና ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

በካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ ሁሉም ያማሩ ይመስሉ ነበር። ቤት ገብቼ ሳተልቃቸው ግን አንድም ደህና አልተገኘም። የበሩ ጠርዝ ሁለት ሆኗል፤ የመስኮቱ ብርሃን እንደ ክር ተጎትቷል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሜ ላነሣ ስሄድ ቤቱ በነበረበት ቦታ አቧራና የድንጋይ ክምር ጠበቀኝ። ከመጥፎዎቹ የተሻለውን አሳትሜ ለእናቴ ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ አየችውና «የቤት ቁጥሩ የታለ?» አለችኝ። ከበሩ በላይ በተመታችው ቆርቆሮ ላይ የነበረው ቁጥር በራሱ ላይ ተደራርቦ አይነበብም ነበር።

የዚህን መናኛ የሚመስል ዕቃ ታሪክ ማገላበጥ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፎቶግራፍ ሲወለድ መቆም ግዴታ ነበር። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ በ1827 ገደማ ከቤቱ መስኮት ሆኖ ያነሣትና እስከ ዛሬ የተረፈችው የመጀመሪያዋ ፎቶግራፍ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ፈጅታለች። ፀሐይዋ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለተጓዘች ብርሃኗ በግቢው ግራም ቀኝም ወድቆ ይታያል። በ1838 ደግሞ ሉዊ ዳጌር ካሜራውን ከፓሪስ ጎዳናዎች በአንዱ ላይ ወደ ታች አነጣጥሮ አቆመ። ጎዳናው ሰውና ጋሪ የሚርመሰመስበት ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ግን ጭር ብሏል። ብርሃኑን ለመቀበል ደቂቃዎች ስለፈጀ፣ የሚንቀሳቀስ ሁሉ እንደ ጢስ በንኖ ጠፍቷል። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። በታችኛው ጥግ አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ ቆሟል፤ ጫማውን እያስጠረገ ነው። በፎቶግራፍ ላይ ለመታየት የመጀመሪያው ሰው ይህ እንደሆነ ይታመናል። ከታሪክ መዝገብ የገባው ጀግና ወይም ባለጸጋ ስለነበር ሳይሆን፣ ሊስትሮ ፊት ጸጥ ብሎ ስለቆመ ነው። እጁ ያላረፈው ሊስትሮ ራሱ ደብዝዞ ቀርቷል።

እንግዲህ የፎቶግራፍ የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው፤ የቆመ ይታያል፣ የተንቀሳቀሰ ይጠፋል። ሕጉ ለሚነሣው ብቻ ሳይሆን ለሚያነሣውም ይሠራል። ካሜራው ራሱ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ የሚጠፋው አንድ አላፊ ሳይሆን ዓለሙ በሙሉ ነው።

በ1851 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር መስተዋት ላይ ኬሚካል ቀብቶ የማንሣትን ዘዴ ይፋ አደረገ። ጊዜው ወደ ሴኮንዶች አጠረ፤ ሸክሙ ግን ከበደ። መስተዋቱ ሳይደርቅ ተቀብቶ፣ ተነሥቶና ታጥቦ ማለቅ ስላለበት፣ ፎቶግራፍ አንሺው የጨለማ ክፍሉን አብሮ ተሸክሞ መዞር ነበረበት። ሮጀር ፌንተን በ1855 ወደ ክራይሚያ ጦርነት ሲሄድ የወይን ጠጅ ነጋዴ የነበረ ጋሪ ገዝቶ የጨለማ ክፍል አደረገው። ይዞ የተመለሰው ከ350 በላይ ፎቶግራፍ ነው። ከነዚያ ሁሉ መካከል ግን ውጊያ የሚታይበት አንድም የለም። ውጊያ ቆሞ አይጠብቅም። አሜሪካዊው ካርልተን ዋትኪንስ በበኩሉ በ1861 ወደ ዮሰሚቲ ሸለቆ ሲገባ የያዛቸው መስተዋቶች 46 በ56 ሳንቲ ሜትር ነበሩ። ይህን የሚያህል ካሜራ የሚሸከም መቆሚያ የቤት ምሰሶ ቢመስል አያስደንቅም። ጓዙን ያጓጓዘው በበቅሎ ነው። ፎቶግራፎቹ ዋሺንግተን ደርሰው ታዩ፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1864 ሸለቆው እንዲጠበቅ የሚያዘውን ሕግ ሲፈርሙ የእነዚህ ሥዕሎች ድርሻ ቀላል እንዳልነበር ይነገራል።

ይህ ከባድ ዘመን ወደ አገራችንም ዘልቋል። በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ዙላ ላይ ሲወርድ ከ13,000 ያህል ወታደርና ከ44 የህንድ ዝሆኖች ጋር የንጉሣዊው መሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎችም ነበሩበት። ዋናው ሥራቸው ካርታና ንድፍ ማባዛት ነበር። ይሁንና በየመንገዱ ካሜራቸውን አቁመው ተራራውን፣ ሰፈሩንና የመቅደላን አምባ አንሥተዋል። ከባሕሩ ዳርቻ እስከ መቅደላ 600 ኪሎ ሜትር ያልፋል። መስተዋቱ ሳይሰበር፣ የኬሚካሉ ጠርሙስ ሳይፈስ፣ መቆሚያው ሳይሰነጠቅ ያንን ገደል የወጣው በእንስሳ ጀርባና በነጂዎች ላብ ነው። ከፎቶግራፎቹ ሥር የነጂዎቹ ስም አልተጻፈም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ። መልካቸውን የምናውቀው ከሥዕል እንጂ ከፎቶግራፍ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን ከእንግሊዞቹ ጋር ተወሰደ፤ እናቱም በመንገድ ሞተችበት። በዚያው ዓመት ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሣችው። ይህች ሴት ተነሺዎቿን ለረጅም ሴኮንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች አስቁማ በማንሣት የታወቀች ነበረች። የሕፃኑን ፊት ባየሁ ቁጥር ይህን ሳልዘነጋ አልቀርም። አባቱን፣ እናቱንና አገሩን በጥቂት ወራት ያጣ ልጅ «እንዳትነቃነቅ» ተብሎ ሳይነቃነቅ ተቀምጧል። በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ያ ፊት ዛሬ ድረስ ጥርት ብሎ የሚያየን ልጁም ካሜራውም ስላልተንቀሳቀሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቀለለ። በ1871 ሪቻርድ ማዶክስ ደረቁን መስተዋት አስተዋወቀ፤ በ1888 ኮዳክ ማንም የሚይዛትን ሣጥን ገበያ ላይ አዋለ፤ በ1925 ላይካ ወጣችና ካሜራ ከኮት ኪስ ገባ። ፎቶግራፍ አንሺው ከሦስት እግሩ ተላቅቆ በሁለት እግሩ መሮጥ ጀመረ። ይህ ታላቅ ነጻነት ነው፤ ያለ እርሱ የጋዜጣ ፎቶግራፍ የሚባል ነገር ባልኖረ። ነገር ግን መቆሚያ ከግዴታ ወደ ምርጫ ሲወርድ ሰሪውም ገዢውም ቅለትን ብቻ ያይ ጀመር። እኔ በቅለቱ የኮራሁበት ዕቃ የዚህ ታሪክ መጨረሻ ልጅ ነው።

ሁሉም ግን አልተታለለም። አንሰል አዳምስ ኅዳር ወር መግቢያ ላይ በ1941 በኒው ሜክሲኮ ሲጓዝ፣ ኸርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ወጥታ፣ የመጨረሻዋ የፀሐይ ጨረር በመቃብር ሥፍራው ነጫጭ መስቀሎች ላይ አርፋ አየ። መኪናውን አቁሞ ትልቁን ካሜራውን በመቆሚያው ላይ ተከለ። የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ አጣውና የጨረቃን የብርሃን መጠን ከጭንቅላቱ አስልቶ ለአንድ ሴኮንድ ከፈተ። ሁለተኛ ሊያነሣ ሲያዘጋጅ ጨረሯ ከመስቀሎቹ ላይ ተነሥታ ነበር። አንድ ሴኮንድ፣ አንድ ፎቶግራፍ፤ ከዘመኑ ሥራዎች ሁሉ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ። የእኔም ፎቶግራፍ አንድ ሴኮንድ ነበር የፈጀው። ልዩነቱ በችሎታ ብቻ ነው ብዬ እንዳልጽናና፣ የእርሱ ካሜራ የቆመበት የእኔ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ አንብቤ ሳበቃ ወደ አንድ አዛውንት ባለ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ጋሼ የሙያው ትውልድ ሐረግ ሲቆጠር፣ ከዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ከአርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ጀምረው የሚያወሩ ሰው ናቸው። ጥግ ላይ የቆመውን የእንጨት መቆሚያቸውን አሳዩኝ።

«ጋሼ፣ ምን ዓይነት ልግዛ ይሉኛል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መቆሚያ በዓይን አይገዛም፤ በእጅ ነው የሚገዛ» አሉኝ።

ያስተማሩኝን በራሴም ሞክሬ ስላረጋገጥኩት ለአንባቢ ላካፍል። ሱቅ ውስጥ እግሮቹን ሁሉ እስከ መጨረሻ ዘርጉና አናቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ እንደ ጨርቅ ጠምዝዙት። ከዞረ ነፋስም ያዞረዋል። አንዱን እግር በጣት ኳ አድርጉና መንቀጥቀጡ እስኪያቆም ስንት እንደምትቆጥሩ እዩ። የእግሩ ክፍልፋይ በበዛ ቁጥር የመጨረሻው ክፍል ይቀጥናል፤ ስለዚህ አምስት ጊዜ ከሚታጠፈው ሦስት ጊዜ የሚታጠፈው ይበረታል። መካከለኛው ዘንግ ሳይሳብ እስከ ዓይናችሁ የሚደርሰውን ምረጡ። ዘንጉን እስከ ላይ ስትስቡት ሦስቱን እግር ትታችሁ ካሜራውን በአንድ እንጨት ጫፍ ላይ ማስቀመጣችሁ ነው፤ ዶሮ ማነቂያ ላይ እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። «ይህን ያህል ኪሎ ይሸከማል» የሚለውን ጽሑፍ ደግሞ በግማሽ እመኑት። መሸከም አንድ ነገር ነው፣ ሳይነቃነቅ መሸከም ሌላ። ሩቁን በሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ለሚሠራማ ጥንቃቄው እጥፍ ነው፤ ሩቁን የሚያጎላው ሌንስ ንቅናቄውንም ያጎላዋል።

እንጨት ንዝረትን ውጦ በማስቀረት እስከ ዛሬ የተመሰገነ ነው፤ ግን ይከብዳል። አሉሚንየም በዋጋ ይሻላል፤ በብርድ ጊዜ እጅ ያቀዘቅዛል፤ ሲመታ ይጨረመታል። በ1994 የፈረንሳዩ ጊትዞ ያወጣው የካርቦን ፋይበር እግር ቅለትን ከጥንካሬ ጋር ቢያስማማም ዋጋው ኪስ ይጎዳል። ገንዘብ የሌለን ሰዎች ክብደቱን በትከሻችን እንከፍላለን። ከቤት ውጭ ሲሠራ ደግሞ፣ ቁልቁለት ላይ ሁለቱን እግሮች ወደ ታች፣ አንዱን አሳጥሮ ወደ ላይ ማድረግ ነው። ነፋስ ሲነሣ ቦርሳን ከመካከሉ ማንጠልጠል ይጠቅማል፤ መሬት ነክቶ ካልተቀመጠ ግን እንደ ደወል እየተወዛወዘ ይባስ ያናጋል። ካሜራውም ቁልፉ ከተጫነ ሁለት ሴኮንድ ቆይቶ እንዲያነሣ ቢታዘዝ የጣታችን ንቅናቄ አብሮ አይታተምም።

እግሩ ለምን ሦስት ሆነ? አባጣ ጎርባጣ መሬት ላይ አራት እግር ያለው ወንበር አንዱ እግሩ ይንጠለጠላል፤ ሦስት እግር ግን የትም ቢቀመጥ ሦስቱም መሬት ይነካሉ። ይህን የጂኦሜትሪ ትምህርት እናቶቻችን ምድጃቸውን ሲተክሉ ጨርሰውታል። ተረቱም እንደተባለው ነው፤ መቆሚያ መለወጥ መጥፎ ፎቶግራፍን ጥሩ አያደርግም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ ባያጣፍጥም ግን፣ ጉልቻ ከተናጋ የጣፈጠውም ወጥ ይደፋል።

አሁን ያለኝ መቆሚያ ወደ ሦስት ኪሎ ይጠጋል። ትከሻዬን ይቆርጠኛል፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ይቆጣኛል። ገና ያልፈረሱትን የቀድሞ ቤቶች አመሻሽ ላይ እየዞርኩ ሳነሣ የበሮቹ ቁጥር አንድ ሳይቀር ይነበባል።

የእናቴ ቤት ፎቶግራፍ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «ሌላ ቆንጆ ፎቶ ልስጥሽና ይህን አውርጂው» ብላት እምቢ አለች። ባለፈው ጠጋ ብዬ ሳየው ከሥሩ በእስክሪብቶ፣ በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ የቤት ቁጥሩን ጽፋበታለች።