ሜዲኬር ባሕር አይሻገርም

ስሙኝማ ወገኖቼ። ዛሬ የማወራላችሁን ሰው ስም አልጠራም፤ ጋሼ ካልኳቸው ይበቃል። ዋሽንግተንንና ዙሪያዋን የምታውቁ እንዲህ ያለ ሰው አታጡም። ሌሊት ታክሲ ሲነዱ፣ ጧት ልጆች ትምህርት ቤት ሲያደርሱ፣ እሑድ ከኋላ ቆመው ሲያስቀድሱ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ገንዘባቸውን አላባከኑም። አዲስ አበባ፣ አያት የሚባለው ሠፈር አካባቢ ቤት ሠሩ፤ ግቢው ውስጥ ሎሚና ኮክ አስተከሉ። ስለ በሩ ቀለም ብቻ ከሠራተኛው ጋር በስልክ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀዋል! ስለ ጤናቸው ግን ማንንም አልጠየቁም። "ምን ይጠየቃል? ሜዲኬር አለኝ አይደል" ይሉ ነበር።

እውነታቸውን ነው፤ አላቸው። የታክሲ ሾፌር ራሱ ቀጣሪ፣ ራሱ ተቀጣሪ ነውና ከገቢያቸው ላይ 2.9 በመቶ ለሜዲኬር፣ ማለትም ለአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ ሲገብሩ ኖረዋል። አሥር ዓመት የከፈለ ሰው 65 ዓመት ሲሞላው ካርዱ ይሰጠዋል። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያላት የወረቀት ካርድ ናት። ጋሼ በላስቲክ አስለብጠው ከመታወቂያቸው ጀርባ በኪሳቸው ይዘዋት ይዞራሉ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበልና የካርዷን ታሪክ ላውጋችሁ። የሜዲኬርን ሕግ የፈረሙት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ናቸው፤ ቀኑም እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1965። ሊፈርሙ የሄዱት ሚዙሪ ውስጥ ኢንዲፔንደንስ ወደምትባል ከተማ ነው። ለምን ቢሉ፣ ከሳቸው በፊት ለሕዝቡ የጤና መድን ለማምጣት ታግለው ያልሆነላቸው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን የሚኖሩት እዚያ ነበር። የመጀመሪያው ተመዝጋቢም እኚሁ የ81 ዓመት አዛውንት ሆኑ። አገልግሎቱ በ1966 ሲጀመር ለሐኪም የሚውለው ክፍል፣ ዛሬ ፓርት ቢ የምንለው ማለት ነው፣ በወር 3 ዶላር ነበር። በ2025 ያው ክፍል 185 ዶላር ገባ።

ታዲያ ይህ ሕግ ሲወጣ የታሰበው አሜሪካ ውስጥ አርጅቶ አሜሪካ ውስጥ ለሚታከም ሰው ነው። ሃምሳዎቹን ግዛቶች፣ ዋሽንግተን ዲሲን፣ ፖርቶ ሪኮን፣ ጉዋምንና እነሱን የመሳሰሉ ግዛቶችን ያካትታል፤ እዚያ ላይ ያበቃል። ጥቂት ቀዳዳዎች አሉት። ድንበር አጠገብ ያለ በሽተኛ የጎረቤት አገር ሆስፒታል ከቀረበው፣ ወይም ከአላስካ ወደ ሌላው ግዛት በካናዳ በኩል በቀጥታ ሲጓዝ ድንገት ከታመመ ሜዲኬር ሊከፍልለት ይችላል። አያት ግን ከአላስካ መንገድ ላይ አይደለችም።

እንቀጥል። በ2020 ኮቪድ መጣና ታክሲው ባዶውን ቀረ። ጋሼ "ከዚህ ወዲያ ምን እጠብቃለሁ?" አሉና ጓዛቸውን ሸከፉ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የሶሻል ሴኩሪቲያቸውን ወረቀት ዘርግተው አዩት። ለፓርት ቢ በየወሩ 144 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይቆረጣል። "አዲስ አበባ ተቀምጬ ለሜሪላንድ ሐኪም የምከፍለው ለምንድን ነው?" አሉ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ፎርም ሞሉ፣ ፈረሙ፣ ሰረዙት። ለሆስፒታል አልጋ የሚሆነው ፓርት ኤ ግን በነፃ ስለሆነ አብሯቸው ቀረ። ከዚያም ከደለስ ኤርፖርት ተሳፍረው አገራቸው ገቡ።

ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ደስ ብሏቸው ኖሩ። ጧት ኪዳን፣ ከሰዓት ከሠፈር ሽማግሌ ጋር ወሬ፣ ማታ ከልጆቹ ጋር በቫይበር። ከአሜሪካ ይዘውት የመጡት የደም ግፊት መድኃኒት ሲያልቅ፣ ሰው በመጣ ቁጥር ልጃቸው ትልክ ነበር። የሜዲኬሩ የመድኃኒት ክፍል ውጭ አገር ለተገዛ መድኃኒት አይከፍልም። ሰው ያልመጣ ጊዜ ከፋርማሲ በኪሳቸው ይገዛሉ።

በ2024 ክረምት፣ አንድ ሌሊት፣ ደረታቸውን ያዛቸው። ከብዙ ዓመት በፊት ሜሪላንድ ውስጥ ልባቸው ላይ ስቴንት ገብቶላቸው ነበርና ነገሩን ወዲያው አወቁት። ወንድማቸው በመኪና ይዟቸው በረረ። ተረኛው ሐኪም ኢሲጂ አነሳላቸውና "ጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባት አለባቸው" አለ። ወንድም ካርዷን ከጋሼ ኪስ አውጥቶ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሮጠ።

ልጅቱ ካርዷን ገለባበጠቻት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ኢንሹራንሱ ነዋ!"

"የየትኛው ድርጅት?"

"የአሜሪካ መንግሥት።"

"እኛ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል የለንም" አለች፣ ካርዷን በሁለት እጇ እየመለሰች። "ማስያዣውን በጥሬው ነው የምትከፍሉት ወይስ በቴሌብር?"

ልጅቱ አልተሳደበችም፣ አላመናጨቀችም። ያለችው እውነቱን ነው። ያን ሌሊት ወንድም ያለውን ከፈለ፤ ሜሪላንድ ያለችው ልጅ ደግሞ ሥራ ላይ ሆና በስልኳ ገንዘብ ስትልክ አደረች። ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጥሩ አድርገው ሠሩ፤ ጋሼ ዳኑ። የጎደለው ሕክምና አልነበረም፤ የሚከፍል አካል ነው የጠፋው። ለየምርመራው፣ ለየመርፌው፣ ለየቀኑ አልጋ ደረሰኝ እየተቆረጠ፣ በየደረሰኙ የሚጠየቀው ቤተ ዘመድ ሆነ።

"አባዬ፣ ና፤ እኔ ጋ ትታከማለህ" አለች ልጃቸው። ጥቅምት ላይ አሜሪካ ተመለሱ። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ታሪኩ የሚጠመው!

ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ተራ ይዘው ሲገቡ የሰሙት ይህ ነው። ፓርት ቢን ሰርዞ የወጣ ጡረተኛ ከውጭ አገር ስለተመለሰ ብቻ ያን ዕለት አይመዘገብም። ምዝገባው በየዓመቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ነው፤ ሽፋኑም የሚጀምረው ከተመዘገቡበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር መጀመሪያ ነው። ጋሼ ሆስፒታል ቢተኙ ለአልጋው ፓርት ኤ አለላቸው። ስቴንት ያለበት ልብ ይዞ የሚመላለስ ሰው የሚያስፈልገው ግን የልብ ሐኪሙ ቀጠሮ፣ አልትራሳውንዱ፣ ላቦራቶሪው ነው። እነዚህ ሁሉ ያሉት ፓርት ቢ ውስጥ ነው። እስከ ፌብሩዋሪ 2025 ድረስ በኪሳቸው ከፈሉ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ያለ ፓርት ቢ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት ይታሰባል። አራት ዓመት ስለሞላቸው 40 በመቶ መጣባቸው። የ2025ቱ 185 ዶላር ላይ 74 ዶላር ተጨምሮ በወር 259 ዶላር ሆነ። ቅጣቱ አንዴ ተከፍሎ አይገላገሉትም፤ ፓርት ቢን እስከያዙ ድረስ አብሯቸው ይኖራል፣ መነሻው ዋጋ ሲጨምርም ይጨምራል። በአራቱ ዓመት ያተረፉት ወደ 8 ሺህ ዶላር ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይህ ነው።

አሁን "እንግዲያው ማንም አይሰርዝ ማለትህ ነው?" የሚል አይጠፋም። አይደለም። ዳግመኛ ላይመለስ የቆረጠ ሰው ለማይጠቀምበት ነገር አልከፍልም ቢል ልክ ነው። ነገር ግን ልጆቹ አሜሪካ፣ የልጅ ልጆቹ አሜሪካ ያሉት ሰው፣ ሕመም ሲጠናበት የማይመለስ ማነው? ጤነኛ ሆነን የቆረጥነውን ታመን እናፈርሰዋለን። ስለዚህ የሚሰርዝ ሰው ያተረፈውን ለብቻው ያስቀምጥ፤ ለአዲስ አበባው ሐኪም የሚከፈለው ከዚያ ነው። የግል ዓለም አቀፍ የጤና ኢንሹራንስ የሚያስብም ሳይታመም ያስብበት። እነዚህ ድርጅቶች ዕድሜንና ነባር በሽታን ይጠይቃሉ፤ ሰባ ካለፈ፣ ስቴንት ከገባ በኋላ በሩ ይጠብባል።

ለገና ወይም ለጥምቀት ሄደው የሚመለሱትስ? ለነሱ የተሻለ ነገር አለ። ሜዲጋፕ ከሚባሉት ተጨማሪ ኢንሹራንሶች ውስጥ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤምና ኤን የተባሉት ውጭ አገር ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕመም ይከፍላሉ። የመጀመሪያውን 250 ዶላር ታካሚው ከራሱ ይከፍላል፤ ከቀረው 80 በመቶውን እነሱ ይሸፍናሉ፤ በዕድሜ ልክ ጣሪያው 50,000 ዶላር ነው። ሕመሙ ግን ጉዞው በተጀመረ በ60 ቀን ውስጥ የጀመረ መሆን አለበት። ሜዲኬር አድቫንቴጅ ያላችሁ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። እያንዳንዱ ፕላን የየራሱ ደንብ አለው፤ ከአካባቢው ርቆ ብዙ ወር የከረመን ሰው ሊያስወጣም ይችላል።

ወገኖቼ፣ እኛ ዕድር እናውቅበታለን። ሰው ሲሞት አስከሬኑን አገሩ ለማድረስ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገንዘብ እናዋጣለን፤ ይህ የሚያስመሰግነን ነው። ግን በየዕድሩ ስብሰባ ላይ ስለ መዋጮ ሁለት ሰዓት ከምንነጋገር፣ ጡረታ ሊወጡ ላሉት አባላት ሜዲኬርን የሚያስረዳ ባለሙያ ጠርተን ግማሽ ሰዓት ብንሰጠውስ? በየግዛቱ ሺፕ የሚባል፣ ስለ ሜዲኬር በነፃ የሚያማክር አገልግሎት አለ፤ ስልክ መደወል ብቻ ነው። ሊቀመንበሮች፣ ጸሐፊዎች፣ ይህን ለናንተ ነው የምለው። እናንተ ጓዝ የምትሸክፉም ፓርት ቢ መሰረዣው ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ "ብታመም የት ነው የምታከመው? ማንስ ይከፍላል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ አትፈርሙ።